የአያ ኸሊል ጢም

እስቲ ይህን ቆብ እዩት። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ገበያ ክር ከሚሸጠው ከአያ ኸሊል ራስ ላይ ያለውን። ከሩቅ ሲያዩት ተራ ነጭ ቆብ ነው፣ ለጁምዓ የሚደረግ። ጠጋ በሉ። በነጩ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር የተጠለፈ ሐረግ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ብርሃን ከጎን ካልመታው ዐይን አይይዘውም። አሁንም ጠጋ በሉ፣ አያ ኸሊል አይቆጣም፣ መታየቱን ለምዶታል። ከግንባሩ በላይ፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ ቅጠል መካከል፣ አንዲት ቅጠል ብቻ ቢጫ ናት።

አላፊ አግዳሚው ስሕተት ይመስለዋል። ነጩ ክር አልቆባት ነው እንዴ እያለ የሚጠይቅም አለ። የጠለፈችው ጥሩ የምትባል የቁስቋም ሰፈር ሰው ናት፤ ጥሩ ደግሞ ክር ተሳስታ የማታውቅ ሴት ናት። ከአንድ ጊዜ በቀር። ይህ ወሬ የዚያች አንድ ጊዜ ነው።

ጥሩ የተወለደችው እንፍራንዝ አጠገብ ካለ ገጠር ነው። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አመማት። ያን ጊዜ ጉሮሮው የታመመ ልጅ እንጥሉ ይቆረጣል እንጂ ሐኪም አያየውም፤ የሷም ተቆረጠ። ጥቂት ቆይቶ ጉልበቷ፣ ከዚያም ቁርጭምጭሚቷ ተራ በተራ ያብጥ ጀመር። ብርድ ነው ተባለ። እኛ አገር ስም ያልተገኘለት ነገር ሁሉ ብርድ ነው። ብርድ ግን አልነበረም። እንዲህ ያለው የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ካልታከመ መገጣጠሚያውን ነካክቶ ያልፍና ልብ ላይ ይቀመጣል። የጥሩም ሕመም እሷ አድጋ፣ አግብታ፣ ባሏን ቀብራ ጎንደር እስክትገባ ድረስ ልቧ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

ጎንደር ስትገባ መርፌ መያዝ ያስተማረቻት ጎረቤቷ ውቢት ናት። ውቢት ቤተ እስራኤል ነበረች፤ ወደ እስራኤል የምትሄድበትን ተራ ስትጠብቅ ዓመታቱን በጥልፍ ገፋቻቸው። ተራዋ ደርሶ ስትሄድ መርፌዎቿን ለጥሩ ትታላት ሄደች። ከመርፌዎቹ ጋራ አንድ ነገር አብራ ትታላታለች፤ ባለቀለሙን ጥልፍ እጅ ይጠልፈዋል፣ ነጭ በነጩን ግን ዐይን ነው የሚጠልፈው የምትለውን። ጥሩ ነጭ በነጭ ጠላፊ ሆነች። የሙሽራ ቀሚስ፣ የክርስትና ልብስ፣ ለታቦት ንግሥ የሚለበስ ነጠላ። ጥለቱን ጣቱን አሳልፎበት እንጂ አይቶ የማይጨርሰው ሰው፣ ይህን እንዴት አድርገሽ አየሽው እያለ ይደነቅ ነበር። እንጀራዋም ኩራቷም ዐይኗ ነበር ማለት ነው።

ሕመሙ ቀስ ብሎ ነው የወጣው። በመጀመሪያ የቁስቋምን ዳገት ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ታርፍ ጀመር። ቀጥሎ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ኋላ ላይ ትራስ ደራርባ ካልተደገፈች መተኛት አቃታት። ሆስፒታል ሲወስዷት ልብሽ ደክሟል አሏት። የልብ ድካም። ሁለት ዓይነት ኪኒን ሰጧት። አንዱ ውሃውን የሚያሸናት ነው፤ ሌላው ዲጎክሲን የሚሉት፣ የተረበሸውን የልቧን ምት አደብ የሚያስገዛው፣ ለሁለት ተከፍሎ በቀን ግማሹ ብቻ የሚዋጥ ትንሽ ፍሬ ነው።

እውነቱ ይነገር፤ ያች ግማሽ ፍሬ ጥሩን ከሞት አስነሣቻት። እግሯ ጎደለ። ትራሱ ቀረ። አንድ እሑድ ዳገቱን ሳትቆም ወጥታ ከደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስ በሩን ተሳልማ አለቀሰች። ስለዚህ ወሬያችን ስለ ክፉ መድኃኒት አይደለም። ክፉ መድኃኒት ነው ያላችሁ ካለ አትስሙት። ወሬያችን ስለ አንዲት ቃል ነው።

ቃሏን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ።

የሆስፒታሉ የልብ ክትትል ክፍል ነርስ ሲስተር ፋሲካ ለጥሩ መጀመሪያውኑ ነግራት ነበር። ይች መድኃኒት የምታድንበት መጠንና የምትጎዳበት መጠን ጎረቤታሞች ናቸው አለቻት። ስለዚህ እየመጣሽ ደምሽ ይታያል፤ ኩላሊትሽ ይታያል፤ ፖታሲየም የሚባለው በደም ውስጥ ያለው ጨው ይለካል፤ ያ ጨው ሲጎድል መድኃኒቷ ትከፋለች፣ የሽንቱ ኪኒን ደግሞ ያጎድለዋል። ምግብ ካስጠላሽ፣ ካቅለሸለሸሽ፣ ልብሽ ከዘገየ፣ ዐይንሽ ላይ አንዳች ነገር ከተለወጠ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነዪ። ሁሉንም ነገረቻት። ግን ስትነግራት በሩ ላይ ሕዝብ እንደ ጥምቀት ተጋፍቶ፣ ከኋላ «ኧረ ተራ ይድረሰን» እየተባለ ነው። ጥሩ ከዚያ ሁሉ ይዛ የወጣችው «ግማሽ ፍሬ» የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቀጠሮው ትጠየቃለች። እንዴት ነሽ? ተመስገን። የሚሰማሽ ነገር አለ? እግዜር ይመስገን፣ ምን ይሰማኛል። ይጻፋል፤ ቀጣዩ ይጠራል።

እስቲ ይህ መልስ ነው? አምላክን ማመስገን ሸጋ ነገር ነው፤ ማንም አይከለክልም። ሐኪሙ የጠየቀው ግን ስለ ሆድሽ ነው እንጂ ስለ ሃይማኖትሽ አይደለም። እኛ እኮ ቤታችን እየነደደ እንዴት አደራችሁ ብንባል ተመስገን የምንል ሰዎች ነን፤ እሳቱን የምንናገረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ጠያቂው ቆሞ ከጠበቀን። ጠያቂውም የዚሁ አገር ልጅ ነውና ይህን አሳምሮ ያውቃል። እያወቀ ቆሞ አይጠብቅም። ጥድፊያው በዝቶበት ይሆናል፤ ሰልፉን አይቶ የማያዝንለት የለም። ግን ተመስገን ጤና ነው ብሎ የሚጽፍ እጅና ተመስገን ብሎ የሚደብቅ አፍ ሲገናኙ መሐል ላይ የሚወድቀው ሰው ነው።

ያች ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙባት ናት። ከተማው ሁሉ ጿሚ ነበር። ጥሩ ከፋሲካ በኋላ ለምትዳር ልጅ የሙሽራ ቀሚስ ታዝዛ ጎንበስ እንዳለች ነበር የሰነበተችው። ቀጠሮዋ በዚያው መሐል ወደቀ። ደህና ነኝ አለችና ዘለለችው። መድኃኒቷ ሲያልቅ ሰፈሯ ካለ መድኃኒት ቤት ሄዳ ባዶውን ማሸጊያ አሳየች፤ ሻጩ አየው፣ አዲሱን ሰጣት፣ ቀና ብሎም አላያት። ስኳር እንኳ በቀበሌ ሲሸጥ «ለምን ያህል ሰው ነው?» ይባላል።

ከዚያ ምግብ አስጠላት። ቅዳሴ ወጥታ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ሽሮዋ ሲቀርብ ሆዷ ይገለበጣል። አንድ ሁለት ጉርሻ ወስዳ እጇን ታነሣለች። ይህን የምታይ በአንድ ግቢ የምትኖር ዝናሽ የምትባል ጎረቤት አለቻት። ዝናሽ ደግ ሴት ናት፤ ችግሯ ማድነቅ ትወዳለች።

«ጥሩዬ፣ ዘንድሮስ ጾሙ ቀለለሽ» አለቻት። «ጸጋ ነው ይሄ። እኔማ ከማለዳው ጀምሮ ሌማት ሌማት እያለኝ ነው።»

ወሬው በጽዋ ማኅበራቸው ዞረ። ጥሩ እኮ ዘንድሮ በሁለት ጉርሻ ነው የምትውል እየተባለ በምሳሌነት ትጠራ ጀመር። ጸጋ ነው የተባለን ነገር ማን ደፍሮ ሕመም ነው ይላል? ጥሩም አላለች። ደስ እያላትም እያፈረችም፣ ታስታውክ እንደነበር እንኳ ለማንም አልተናገረችም። ያን ጊዜ ነው ግቢው ውስጥ አንድ ነገረኛ ያስፈልግ የነበረው፤ ተነሥቶ «ይች ሴት እየከሳች ነው፣ ምን ሆና ነው?» የሚል። ነገረኛ በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ሞልቶን፣ ያን ቀን ጠፋ።

ድካሙም ተከተለ። ይህንስ አውቀዋለሁ አለች ጥሩ ለራሷ፤ የድሮው የልብ ድካም ተመልሶ መጥቷል። ግማሽ ፍሬ ያን ያህል ካስነሣችኝ ሙሉዋማ ምን ታደርገኝ ብላ ሙሉዋን መዋጥ ጀመረች። እነሆ፣ ባልበላ ሆድ፣ ጨዉ በተሟጠጠ ደም፣ በደከመ ኩላሊት ላይ እጥፉን ጨመረችበት። እንዴት ነሽ ሲሏት፣ ተመስገን።

አንድ ጧት ቀሚሱን ስትዘረጋው ክሩ ቢጫ ሆኖ ታያት።

ዐይኗን አሸች። ወደ በሩ ወስዳ አየችው። እርድ እንደነካው ሁሉ ቢጫ ነው። ትናንት የጠለፈችውን ሐረግ ፈትታ ከሌላ ልቃቂት ጀመረች፤ እሱም ያው። የሰነበተችበትን ሥራ ሁሉ ፈታችው። ነጭ ሠርታ የኖረች ሴት የሙሽራ ቀሚስ ቢጫ አድርጋ ልታስረክብ ነው። ክሩ የተገዛው ከአያ ኸሊል ነበር። ከአባቱ ጀምሮ በእምነት የሚገዛ ክር ነው፤ ጥሩም መርፌ ከያዘች ወዲህ ሌላ ደጅ ሄዳ አታውቅም። ያደረ ክር፣ ጭስ የጠጣ ክር አሳልፎብኛል ብላ አሰበች። ሆዷን ከሚገለብጣት ነገር ይልቅ ይህ አንገበገባት። የሙሽራዋ እናት ፊት ቁማ ምን ልትል ነው? ከእንግዲህ ማን ነጭ ይሰጣታል?

ባጃጅ ይዛ አዲስ ዓለም ወረደች። አያ ኸሊል የጿሚ አቀማመጥ ተቀምጦ፣ ሚስቱ ሙሚና ከጎኑ ሆና የክር ጥቅል ትደረድር ነበር። ጥሩ ልቃቂቱን ከጭኑ ላይ ወረወረችለት። ሰላምታም አላስቀደመች። በሱቆቹ ሁሉ ፊት ሌባ አለችው። በስተርጅና ጊዜህ ሰው ታታልላለህ፣ አባትህ ይህን ቢያዩ ምን ይሉህ ነበር አለችው። አያ ኸሊል ክሩን ወደ ብርሃኑ አውጥቶ አገላብጦ አየና ነጭ ነው አላት። ቀሚስ ሻጩን ጎረቤቱን ጠራ፤ ነጭ ነው አለ። ለመግዛት የቆመች አንዲት ገበሬ ሴትም ተጠየቀች፤ ኧረ ነጭ ነው እቴ አለች።

ጥሩ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም አሤሩብኝ አለች በልቧ። አፏም ተከፈተ።

«እናንተ...» ብላ ጀመረች።

ይች «እናንተ» የምትባል ቃል ከጎረቤት አፍ ስትወጣ ከኋላዋ ምን ተከትሏት እንደሚመጣ የዘመኑ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ገዢው ሁሉ ዞሮ አያት። ሙሚና እጇ ላይ የያዘችውን ጥቅል አስቀመጠች። ጥሩ ግን ቃሉ አፏ ላይ እንዳለ ዐይኗ ከአያ ኸሊል ጢም ላይ አረፈ። እንደዚያ እንደ ባዘቶ የሚነጣው ጢም ወርቅ መስሎ ታያት። ስንት ዘመን አብረው የተጫወቱት፣ ባሏ ሲሞት ድንኳን ውስጥ ሦስቱንም ቀን የተቀመጠው ሰው ጢም ነው። የያዘችውን ቃል ዋጠችው፤ በሱ ፈንታ የድሮው ተረብ ወጣ።

«ምነው አያ ኸሊል፣ ክሩንም ጢምህንም ባንድ ገንዳ ነው እንዴ የነከርኸው? ዒድ ሳይደርስ ሂና የተቀባኸው ሙሚና ላይ ልትደርብባት ነው?»

ገበያው ተነፈሰ፤ ሳቀ። ሙሚና ደግሞ ለነገር አትታማም።

«ይደርብ እስቲ» አለች። «ጉልበቱን የሚያሽለት አግኝቼ እኔም ባርፍ።»

ሁሉም ሲስቅ አያ ኸሊል ብቻ አልሳቀም። እጁን ወደ ጢሙ ወሰደና ጫፉን ይዞ ቀረ።

«ጥሩ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ሂና አልተቀባሁም።»

«እያየሁህ?»

«ሙሚና፣ ጢሜ ምን ይመስላል?»

«ምን ይመስላል፣ ሽበት ነዋ» አለች ሙሚና፤ የሷም ሳቅ ቆመ።

አያ ኸሊል ቆቡን አውልቆ አሳያት፤ ቢጫ ነው አለች። የሙሚናን ሻሽ አሳያት፤ ቢጫ ነው። ከመደርደሪያው ገና ያልተፈታ አቡጀዲ አወረደና እፊቷ ዘረጋው። ጥሩ አቡጀዲውን አይታ፣ ክሩን አይታ፣ የራሷን ነጠላ ሳብ አድርጋ አየች። ሁሉም ያው ነው። ከጎኗ ካለ የጥጥ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ፣ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ ተመስገን ያልሆነ ቃል ከአፏ ወጣ።

«አያ ኸሊል፣ እኔ ደህና አይደለሁም።»

ያን የዋጠችውን ቃል ተፍታው ቢሆን ኖሮ ማን ስለ ዐይኗ ይጠይቃት ነበር? ገበያው ለሁለት ተከፍሎ ይሰዳደብ ነበር፤ እሷም እየተሰዳደበች ቤቷ ገብታ ሙሉ ፍሬዋን ውጣ ትተኛ ነበር። የዳነችው በቀልድ ነው። ክፉውን ቃል በሚገባው ቦታ፣ በጉሮሮዋ ውስጥ፣ ስላስቀረችው ነው።

አያ ኸሊል ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ባጃጅ ጠራ። ሙሚና ጥሩን ደግፋ ገባች። የሆስፒታሉ ጥበቃ ምን ሆና ነው ሲል ሙሚና ዐይኗ ቢጫ ሆኖ ነው አለችው። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አየና፣ ዐይኗ እኮ ነጭ ነው፣ የወፍ በሽታ የለባትም አለ። ዐይኗ አይደለም ቢጫው፣ የምታየው ነው አለችው። የምታየውን እኔ በምን አይቼ ላውቅ አላት። እንዲህ ሲጨቃጨቁ ጥሩ ልትወድቅ ስትል ነው በሩ የተከፈተው።

ወጣቱ ሐኪም ወንበር ስቦ እንዴት ነሽ እናቴ አላት።

«ተመስገን» አለች ጥሩ።

ሙሚና ጭኗን ቸብ አደረገቻት። «ተመስገኑን ጨርሰሻል፤ አሁን የጢሙን ንገሪው።»

ሐኪሙ ግራ ገባው። ምን ጢም? ሙሚና በሩን ከፍታ ባሏን ጎትታ አስገባችና ጢሙን አሳየችው፤ ይሄ ጢም ለሷ ቢጫ ነው አለችው። ሐኪሙ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ጠጋ ብሎ የምትወስጂው መድኃኒት ምንድን ነው አለ። ጥሩ ከጡቶቿ መካከል ካለው መሐረብ ማሸጊያውን ፈትታ ሰጠችው። አነበበና የእጇን አንጓ ያዘ። ይዞ ቆየ። አንዱ ምት መጥቶ ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ የሐኪሙ ፊት ሲለዋወጥ ሙሚና ታየዋለች። ግማሽ ነው አይደል የምትወስጂው ሲላት፣ ጥሩ መሬት መሬት እያየች ሙሉ ማድረጓን ነገረችው። የምግቡንም፣ የማስታወኩንም፣ ሁሉንም። አንዴ ከጀመረች አላቆመችም።

የልቧን ምት በማሽን አነሡት፤ ደሟ ተወሰደ። ልቧ ክፉኛ ዘግይቷል፣ አንዳንዴም ይዘላል። ፖታሲየሙ ጎድሏል፤ ኩላሊቷ ደክሞ መድኃኒቱን አላስወጣ ብሎ አጠራቅሞታል። ቢጫውም፣ የምግብ ጥላቻውም፣ ድካሙም ከዚያው ነው። የድሮው ሕመም የተመለሰ መስሏት የጨመረችው መድኃኒት ራሱ ነበር ያደከማት። ማርከሻው በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ ኪኒኑን አቆሙት፤ ጎደለ የተባለውን ጨው ቀስ እያሉ በደም ሥሯ ሰጧት፤ ከማሽኑ አጠገብ አስተኝተው እየጠበቋት ነበር። ልቧ ይህን ይሻገረው እንደሆነ አናውቅም፣ እናየዋለን አሏቸው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ልቧ ሊቆም ደርሶ ነበር። ማሽኑ ጮኸ፣ ነርሶቹ ሮጡ፣ ሐኪሙ መርፌ ሰጣት። ጥሩ ያን ሰዓት ስታስታውሰው ውሃ ውስጥ እንደ መስጠም ነበር ትላለች። የታሰባትም ሞት አልነበረም። «እናንተ» ብላ የጀመረችው ነገር ነው የታሰባት፤ ይህን ሳልጨርሰው፣ ይቅርታም ሳልለው ልሄድ ነው ብላ። ከዚያ ምቱ አንድ፣ ደግሞ አንድ እያለ ተመለሰ።

ሲስተር ፋሲካ ወሬውን ሰምታ ከክትትል ክፍሏ መጣች። ትቆጣኛለች ብላ ጥሩ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሲስተር ፋሲካ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምን ስትበይ ሰነበትሽ አለቻት። ጾም ነው አለች ጥሩ። ጾሙ ድንች ከልክሏል? አላለም። ሙዝስ ከልክሏል? እሱንም አላለም። እንግዲያ ጾሙን አትክሰሽው አለቻት። ለንስሐ አባቷም አስነገረች፤ ቄሱ መጥተው በሽተኛ እስኪድን ቢበላ ቤተ ክርስቲያን አትቀየምም፣ ምነው ሳትነግሪኝ ብለው ጸልየውላት ሄዱ። ከሁሉ በላይ ግን ጥሩ የማትረሳው ሲስተር ፋሲካ ልትሄድ ስትነሣ ያለቻትን ነው።

«እትዬ ጥሩ፣ ከእንግዲህ ተመስገን ስትዪኝ አልጽፍልሽም። ከተመስገን ቀጥሎ ምን በላሽ፣ ምን አየሽ፣ ልብሽ እንዴት መታ፣ እሱን ነው የምትነግሪኝ። እኔም እስክትነግሪኝ አልነሣም።»

ተመስገን መባል ያለበት ለእንዲህ ያለች ሴት ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ደጇ ላይ አሰልፋ፣ አልነሣም ለማለት የደፈረች።

አያ ኸሊል ደግሞ በየቀኑ ሊያፈጥር ከመሄዱ በፊት በሩ ላይ ብቅ ይላል። ጾሙ አድክሞት፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ጢሙን በጣቱ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያወጣና ዛሬስ ይላታል። የመጀመሪያው ቀን ሽንብራ ነው አለችው። ቀጥሎ ወደ ስንዴ ገለባ ወረደ። አንድ ቀን ቅቤ ልትለው ጀምራ፣ ጾም ነው ይቅር ብላ አሳቀችው። ሐኪሙም ሰምቶ ነበርና ጧት ሲዞር የማሽኑን ወረቀት ካየ በኋላ የሽማግሌው ጢም ከምን ደረሰ ብሎ ይጠይቃት ጀመር። ደሟ ይታያል፣ ምቷ ይቆጠራል፣ ጢሙም ይታያል። እንደዚያ ነው የተጠበቀችው። ይቅርታውንም እዚያው አልጋ ላይ ሆና ጠየቀችው፤ እሱ ግን ምን ብለሽኝ ነው፣ አልሰማሁም አላት። ሰምቷል። ገበያው ሁሉ ሰምቷል። አልሰማሁም ማለትን የመሰለ ይቅርታ የለም።

ረመዳን ሊወጣ ሲል አንድ ቀን አያ ኸሊል እንደ ልማዱ ከሙሚና ጋራ መጣ። ጢሙን ወደ ብርሃኑ አወጣ። ጥሩ ቀና ብላ አየችው። አገላብጣ አየችው። ስትዘገይ ሙሚና ደንግጣ ጠጋ አለች።

«ነጭ ነው» አለች ጥሩ። «አያ ኸሊል፣ አርጅተሃል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አያ ኸሊል።

«ከአልሐምዱሊላህ ቀጥሎስ?» አለች ሙሚና።

«ከአልሐምዱሊላህ ቀጥሎ» አለ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠ፣ «ጉልበቴን ክፉኛ ያመኛል።»

ከክፍሉ ያሉ በሽተኞች ሁሉ ሳቁ። ሐኪሙም ሳቀ፤ ሙሚና ግን በዚያው ይዛው ሄዳ ጉልበቱን አስመረመረችው።

ጥሩ ዛሬ ደህና ናት። ሐኪሞቹ መክረው ዲጎክሲኑን መልሰው ሰጥተዋታል፣ ከቀድሞውም አንሶ፣ ደሟ እየታየ። አዎ፣ ያንኑ መድኃኒት። ጠላቷ መድኃኒቱ አልነበረማ። ይህን አንብባችሁ ኪኒናችሁን የምትጥሉ ካላችሁ ያላነበባችሁት ይሻላል። ጠላቷ ሳይጠየቁ መዋጥ፣ ሳይለኩ መጨመር፣ ሳይናገሩ ማመስገን ነው። ቀሚሱ ከፋሲካ በኋላ ደረሰ፣ እንደ በረዶ ነጥቶ። ሙሽራዋም ተሞሸረችበት። ዝናሽ አሁን ቀጠሮ ሲደርስ ጥሩን ከቤት ጎትታ ታወጣታለች፤ ዘንድሮ በሁዳዴ የምታደንቀው ስንት ድንች እንደበላች ነው።

ቆቡን ጥሩ ጠልፋ ያደረሰችው ለአረፋ ነው። አያ ኸሊል አገላብጦ አይቶ ቢጫዋን ቅጠል ሲያገኛት ይች ምንድን ናት አላት። አንተን ሌባ ያልሁበት ቀን ናት፣ እንዳልረሳት ነው አለችው። እሱ ግን ለገዢዎቹ ሁሉ ሌላ ነው የሚያወራው፤ ጢሜ ሰው ያዳነባት ቀን ናት ይላል።

አሁን እናንተ። ቤታችሁ ውስጥ የልብ ኪኒን የሚውጥ ሰው አለ፤ እናታችሁ ናት፣ አባታችሁ ነው፣ በአንድ ግቢ የምትኖሩት ጎረቤታችሁ ነው። ዛሬ ስትገቡ እንዴት ዋልሽ በሏት። ተመስገን ትላችኋለች። እባካችሁ ከዚያ ላይ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ወንበር ሳቡ፣ ቁጭ በሉ፣ የለበሳችሁትን ነጭ ነገር አሳዩዋትና «ከተመስገን ቀጥሎስ?» ብላችሁ ጠይቋት።